የድል ብር፦ የሮማ የጦር ድል ሳንቲሞችን የመመዘን፣ የማጽዳትና የመደርደር ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ፦ ዕቅድና ግዢ

ዕቅዱ የሮማ መንግሥት የጦር ድሉን ለማብሰር ካተማቸው የብር ሳንቲሞች ጥቂቶቹን፣ ከዩልየስ ቄሳር እስከ ሴፕቲሚየስ ሴቬሩስ፣ በአንድ መሳቢያ መደርደር ነው። እያንዳንዱ ይመዘናል፣ የብሩ መጠን ይገመታል፣ የሚጸዳው ይጸዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የአማርኛ መግለጫም ይጻፍለታል። ወርቁ ከአቅም በላይ ነው። ትልልቆቹ የነሐስ ሳንቲሞች ሥዕላቸው ያማረ ቢሆንም ተውኳቸው፤ የወታደሩ ደመወዝ የሚታሰበው በብር ዲናሪየስ ነበርና። አንድ ሌጌዎን ወታደር እስከ ንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያን ዘመን በዓመት 225 ዲናሪየስ፣ ከዚያ በኋላ 300 ያገኝ ነበር። ድሉን ያመጣው ሰው ድሉ የተሳለበትን ገንዘብ ራሱ ተቀብሎ ወይን ይጠጣበታል። እኔን የሳበኝ ይህ ነው።

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉትን «ቅ.ል.ክ.» ብዬ አሳጥራቸዋለሁ።)

በጀቱ 700 ፓውንድ ነው። ለንደን ውስጥ ከሚካሄድ የሳንቲም ገበያና ከጨረታ የተገዙት ኮሚሽናቸውን ጨምሮ እነዚህ ናቸው (በጥቅስ ያሉት ሳንቲሙ ላይ የተጻፉ የላቲን ቃላት ናቸው)፦ የቄሳር የድል ዲናሪየስ 95፣ የኦክታቪያን (የኋላው አውግስጦስ ቄሳር) ግማሽ ዲናሪየስ 85፣ የቬስፓሲያን «ዩዳያ» (ይሁዳ) 160፣ የትራጃን «ዳክ ካፕ» (ዳኪያ ተያዘች) 75፣ የሉኪየስ ቬሩስ «አርሜን» 70፣ የሴቬሩስ «ፓርት ማክስ» 45፣ የዚያው የሴቬሩስ «ቪክቶሪያይ ብሪት» 80። ድምር 610፤ ፖስታ 24።

የዩዳያው ውድነት ከጥራቱ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉም የቆሸሸው እሱ ነው። ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ብቻ ዋጋው አይወርድም። አዞ የተቀረጸበትንና «ግብፅ ተያዘች» የሚለውን የ28 ቅ.ል.ክ. ዲናሪየስም ጨረታ ላይ አይቼው ነበር፤ የተጠራበት ዋጋ ብቻውን በጀቱን ይበላዋል።

ስለ ወረቀት፦ በእንግሊዝ የ1996ቱ የሀብት ግኝት ሕግ መሠረት ከ300 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ቢያንስ 10 በመቶ ወርቅ ወይም ብር ያለባቸው ሁለትና ከዚያ በላይ ሳንቲሞች ከአንድ ቦታ ከተገኙ ለመንግሥት መገለጽ አለባቸው። ስለዚህ ሻጭን ሁሉ «ከየት መጣ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አርሜኑ የድሮ ሰብሳቢ በእጁ የጻፈባት ትንሽ ካርቶን ይዞ መጥቷል። ካርቶኗን ከሳንቲሙ እኩል አስቀምጣታለሁ። «ከአያቴ ሣጥን» የሚል መልስ የሰጠኝን ሻጭ ግን አልፌዋለሁ፤ የሁሉም አያት ሣጥን ነበራት።

ጥቅምት አጋማሽ፦ መለየት

የአሜሪካ ኑሚስማቲክ (የሳንቲም ጥናት) ማኅበር በነፃ የሚያቀርባቸው ሁለት የመረጃ ቋቶች፣ አንዱ ለሪፐብሊኩ ዘመን ሌላው ለንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ ሥራውን አቅልለውታል። ፊደሉ በከፊል ቢጠፋም የሚታዩትን ሆሄያት አስገብቶ መፈለግ ይቻላል።

ቄሳር፣ 46–45 ቅ.ል.ክ.። ፊቱ ላይ ቬነስ፣ ከትከሻዋ ጀርባ ኩፒድ። ጀርባው ላይ የተማረከ መሣሪያ የተሰቀለበት የድል ግንድ፣ ሥሩ ሁለት የጋል (የዛሬዋ ፈረንሳይ አገር) ምርኮኞች፦ ሴቲቱ ጭንቅላቷን በእጇ ደግፋለች፣ ጢማሙ ወንድ እጁን ወደ ኋላ ታስሯል። ይህ ሳንቲም ሲታተም ቄሳር እስፓኝ ውስጥ የሚዋጋው ከፖምፔ ልጆች ጋር ነበር፤ ማለትም ከሮማውያን ጋር። ሳንቲሙ ላይ ግን የሚታዩት ከዓመታት በፊት የተሸነፉት ጋሎች ናቸው። ወገን በወገን ላይ ያገኘው ድል ገንዘብ ላይ አይወጣም።

የኦክታቪያኑም ያው ነው። 29–26 ቅ.ል.ክ.፣ «አሲያ ሬኬፕታ»፣ እስያ ተመለሰች። የድል አምላክ ቪክቶሪያ በሁለት እባቦች መካከል ባለ የአምልኮ ቅርጫት ላይ ቆማለች። በ31 ቅ.ል.ክ. በአክቲየም ጦርነት በኦክታቪያን የተሸነፈው ሮማዊው ማርቆስ አንቶኒየስ በስም የለም፣ በምስልም የለም። እስያ ራሷ ጠፍታ የተገኘች ይመስላል። ሳንቲሟ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ ግን እባቦቹ ቅርፊታቸው ሳይቀር ይታያል።

ቬስፓሲያን፣ 69–70። የድል ግንድ፣ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀምጣ የምታለቅስ ሴት፣ ከታች «ዩዳያ»። ኢየሩሳሌም የወደቀችው በ70 በልጁ በቲቶ እጅ ነው። ከዚያ በኋላ አይሁዶች ለቤተ መቅደሳቸው ይከፍሉት የነበረው ዓመታዊ ግብር ሁለት ዲናሪየስ ሆኖ ለሮማው የዩፒተር ቤተ መቅደስ እንዲከፈል ተደረገ። ስለዚህ አንድ አይሁዳዊ ግብሩን ራሱ ሕዝቡ ተሸንፎ በተሳለበት ሳንቲም ሊከፍል ይችል ነበር።

በነገራችን ላይ ዲናሪየስ ለእኛም አካባቢ እንግዳ አይደለም። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል እዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዲናሪየስ ይቆጥራል።

የቀሩት ለመለየት አላስቸገሩም። ትራጃን፦ ሁለተኛው የዳኪያ (የዛሬዋ ሮማኒያ አካባቢ) ጦርነት በ106 ካበቃ በኋላ፣ ዳኪያ በተከመረ መሣሪያ ላይ ተቀምጣ ታዝናለች። ቬሩስ፦ 163–164፣ አርመን በተራዋ ተቀምጣ ታዝናለች። ሴቬሩስ፦ 201፣ ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ሁለት የጳርቴ (በፋርስ የነበረው መንግሥት) ምርኮኞች። የመጨረሻው፦ 210–211፣ ቪክቶሪያ አክሊል ይዛ ስትሮጥ፣ «የብሪታንያ ድል»።

የፊትና የጀርባ ሥዕሎቹ አቅጣጫ እንዴት እንደሚገናኝም ይመዘገባል። አመዘጋገቡ በሰዓት ነው፦ የፊቱን ምስል ቀጥ አድርገህ ይዘህ ሳንቲሙን እንደ መጽሐፍ ገጽ ስትገለብጠው የጀርባው አናት ወደ ላይ ካመለከተ 12፣ ወደ ታች ካመለከተ 6። የሰዓታችን አቆጣጠር ከፈረንጁ ስድስት ሰዓት ቢለይም እዚህ የሚቆጠረው የዘንጉ ቦታ ስለሆነ የሚያከራክር ነገር የለም። የእኔዎቹ የንጉሠ ነገሥት ዘመን ሳንቲሞች ወይ 6 ወይ 12 ናቸው፤ ቄሳር 4 ላይ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ሚዛን

የብሩን መጠን ሳንቲሙን ሳይነኩ ለመገመት ቤት ውስጥ የሚቻለው በእፍጋት (አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝን) ነው። የንጹሕ ብር እፍጋት 10.49፣ የመዳብ 8.96 ነው። ቅይጡ በመካከል ይወድቃል፤ 80 በመቶ ብር ከሆነ 10.14 አካባቢ፣ ግማሽ በግማሽ ከሆነ 9.67 አካባቢ።

አሠራሩ፦ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ሚዛን ላይ ይቀመጥና ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ሳንቲሙ በቀጭን የናይሎን ክር ታስሮ ውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል፤ የኩባያውን ታችም ጎንም መንካት የለበትም። ሚዛኑ የሚያሳየው በሳንቲሙ የተገፋውን ውሃ ክብደት ነው። የሳንቲሙ ደረቅ ክብደት ለዚህ ቁጥር ሲካፈል እፍጋቱ ይገኛል።

ቤት የነበረው የወጥ ቤት ሚዛን እስከ 0.01 ግራም ብቻ ያነባል። ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። 3.20 ግራም የሚመዝን ሳንቲም 0.31 ካሳየ 90 በመቶ ብር ይሆናል፣ 0.32 ካሳየ 71 በመቶ። በአንዲት የመጨረሻ አሃዝ መንቀጥቀጥ የትራጃን ዘመን ወደ ሌላ ዘመን ይሸሻል። ስለዚህ 0.001 የሚያነብ የጌጣጌጥ ሚዛን በ28 ፓውንድ ተገዛ። አቅሙ 50 ግራም ብቻ በመሆኑ ኩባያው ከነውሃው ከዚያ መብለጥ የለበትም፤ የመድኃኒት መለኪያ ኩባያ በቂ ሆነ።

ሌላው ችግር አየር ነው። ሸካራ ሳንቲም ላይ የሚጣበቁ ጥቃቅን የአየር ጉብታዎች ውጤቱን ያወርዱታል። አንድ ጠብታ የሳህን ማጠቢያ ሳሙና ውሃው ውስጥ መጨመርና ሳንቲሙን ቀድሞ ማርጠብ ይረዳል። መስኮት መዝጋትም ግድ ነው፤ ይህ ሚዛን ሰው ሲተነፍስበት እንኳ ይቆጥራል።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። የኦክታቪያኗ ትንሽ ሳንቲም 1.710 ግራም፣ የተገፋው ውሃ 0.164፣ እፍጋት 10.43፤ ወደ 97 በመቶ ብር። ትራጃን 3.181 በ0.313፣ 10.16፤ ወደ 81። ቬሩስ 3.124 በ0.310፣ 10.08፤ ወደ 76። የሴቬሩስ ጳርቴ 3.052 በ0.317፣ 9.63፤ ወደ 48። የብሪታንያው 2.941 በ0.307፣ 9.58፤ ወደ 44። ዩዳያው በቆሻሻ ስለተሸፈነ ከጽዳት በኋላ እንደገና ይመዘናል፤ ለጊዜው 3.262 በ0.327።

ስሌቱ ቅይጡ ብርና መዳብ ብቻ ነው ብሎ የሚነሳ ስለሆነ አራት በመቶ ወዲህና ወዲያ ይቻላል። ቢሆንም አቅጣጫው ከታወቀው ታሪክ ጋር ይገጥማል። ኔሮ በ64 የሳንቲሙን ክብደትም ጥራትም ቀነሰ፤ ሴቬሩስ ደግሞ በ194 ብሩን ወደ ግማሽ አወረደው፣ የወታደሩን ደመወዝ ግን ጨመረ። ቃሉ ግን በተቃራኒው አደገ። ኦክታቪያን በንጹሕ ብር «እስያ ተመለሰች» ብሎ ሲያበቃ፣ ሴቬሩስ በግማሽ መዳብ ላይ «የጳርቴ ታላቁ ድል አድራጊ» ይባላል። ገንዘቡ ሲመነምን ማዕረጉ ወፈረ።

የኤክስሬይ መሣሪያ ያለው ሰው ለምን አልጠየቅህም ላሉኝ፦ ያ መሣሪያ የሚያነበው ገጹን ነው። ሮማውያን ጠፍጣፋውን ብረት ከማተማቸው በፊት በሙቀትና በአሲድ ከላዩ መዳቡን ያስለቅቁ ስለነበር ገጹ ከውስጡ ይልቅ ብር ይበዛበታል። ውሃው ግን ሁሉንም ይመዝናል።

ቄሳር የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። 3.021 ግራም፤ የዚያ ዘመን ዲናሪየስ 3.8 አካባቢ መሆን ነበረበት። የተገፋው ውሃ 0.331፣ እፍጋት 9.13። ይህ ብር አይደለም። በአጉሊ መነጽር ጠርዙን ስዞር ከምርኮኛዋ እግር በታች አንድ ቦታ ብሩ እንደ ቅርፊት ተነስቶ ከሥሩ ቀይ ብረት ይታያል። የመዳብ እምብርት በብር ቅጠል ተጠቅልሎ የታተመ፣ የዚያው ዘመን የሐሰት ገንዘብ ነው። የዛሬ አስመሳይ አይደለም፤ የዛሬ ሰው በቀላሉ አቅልጦ ያፈሰዋል እንጂ ቅጠል ጠቅልሎ አይለፋም፣ በቅርፊቱ ሥር ያለውም አረንጓዴ ዝገት የቆየ ነው። ሻጩ አምኖ 40 ፓውንድ መለሰልኝ። ሳንቲሙን ግን አልመለስኩም። ቄሳር በወገኑ ላይ ያገኘውን ድል በጋሎች ሸፈነ፣ አንድ ቀጣፊ ደግሞ መዳቡን በቄሳር ሸፈነ፤ እንዲህ ያለ ነገር ተፈልጎ አይገኝም።

ኅዳር፦ ጽዳት

መመሪያው አጭር ነው፦ ማጽዳት የማያስፈልገውን አትንካ። ትራጃን፣ ቬሩስና ሁለቱ ሴቬሩሶች የዘመናት ግራጫ ቀለማቸውን እንደያዙ ይቆያሉ። በአሴቶን ብቻ ታጥበዋል፤ የድሮ ሰብሳቢዎች የቀቧቸውን ቫርኒሽና የእጅ ቅባት ያስለቅቃል፣ ብረቱን አይነካም። መስኮት ከፍቶ፣ ከእሳት ርቆ፣ በብርጭቆ ዕቃ ነው የሚሠራው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጠው ሽቶና ዘይት ስላለበት አይሆንም።

አልሙኒየም ፎይልና ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ የሚለው ዘዴ በየቦታው ይመከራል። ፊቱ በጠፋ፣ ዋጋ በሌለው አንድ ሳንቲም ሞከርኩት። ጥቁሩ በደቂቃዎች ውስጥ ለቀቀ፣ ሳንቲሙም እንደ ኖራ ነጥቶ፣ ቀዳዳዎቹ ሁሉ አግጠው ወጡ። ለጌጣጌጥ ይሁን፤ ለጥንት ሳንቲም አልጠቀምበትም።

ዩዳያው ሌላ ጉዳይ ነው። እንደ ጀበና ቂጥ ጠቁሯል፤ የለቀስተኛዋ ግማሽ አካል አይታይም። በጥፍር ሲፋቅ እንደ ሰም የሚላላው ይህ ሽፋን ሲልቨር ክሎራይድ ነው፤ ብር ጨው ባለበት አፈር ውስጥ ሲቆይ የሚያወጣው። የሎሚ ጭማቂ የመዳብ ዝገት እንጂ ይህንን አይፈታውም። አሞኒያ ይፈታዋል፣ ግን ጭሱ መጥፎ ነው፣ ከብር ጋር የቆየ ቅሪቱም ሲደርቅ ሊፈነዳ ይችላል። የተመረጠው ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው፤ የፊልም ፎቶ ቤቶች ምስል ለማጽናት ይጠቀሙበት የነበረው። 7 ፓውንድ።

በዲስቲልድ ውሃ አምስት በመቶ ገደማ አድርጌ በጥብጬ ሳንቲሙን አስገባሁት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አውጥቶ ማጠብ፣ ማየት፣ መመለስ። የላላውን በጽጌረዳ እሾህ ማንሳት። እሾህ ከብረት መርፌ ይሻላል፤ ብሩን ሳይጭር ራሱ ይደነዝዛል፣ ሌላ ይቆረጣል። ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሁለት ሺህ ዓመት የቆየ ብር ውስጡ ይሰባበራል፤ በወረንጦ አጥብቀው ቢይዙት ወይም ከጠረጴዛ ቢወድቅ እንደ ብስኩት ባይሆንም ሊከፈል ይችላል፣ ስለዚህ ከሥር ፎጣ ይነጠፋል። ሁለተኛ፣ ሽፋኑ የተሠራው ከሳንቲሙ ከራሱ ብር ስለሆነ ከሥሩ የሚወጣው ገጽ ሁልጊዜ ለስላሳ አይደለም። ጉልበቷ አካባቢ ተበልቶ ተገኘ።

መጀመሪያ የወጣው የድል ግንዱ ነው፤ የራስ ቁሩ፣ ጥሩሩ፣ ሁለቱ ጋሻዎች። ከዚያ የሴትየዋ ጀርባ፣ ከዚያ ክንዷ። ፊቷ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነው፤ ቀራጹ ግን አገጯን በእጇ ላይ ሲያስደግፍ የአንገቷን መሰበር ሳይቀር አስገብቶታል። እዚያ ላይ አቆምኩ። በ«ዩዳያ» የመጨረሻ ፊደል ላይ ትንሽ ጥቁር ቀርቷል፤ ይቅር።

ብዙ ዲስቲልድ ውሃ፣ ውሃውን እየቀየሩ፣ ከዚያ አሴቶን፣ ከዚያ መድረቅ። እንደገና ሲመዘን 3.207 በ0.317፣ እፍጋት 10.12፤ ወደ 78 በመቶ። የለቀቀው 0.055 ግራም የገፋው ውሃ 0.010 ነበር፤ እፍጋቱ 5.5 ማለት ነው። የሲልቨር ክሎራይድ እፍጋት 5.56 ስለሆነ የወጣው ቆሻሻ ምን እንደነበረ ሚዛኑ ራሱ መሰከረ። (በዚህ ሚዛን ይህን ያህል መግጠሙ ዕድልም አለበት።)

ቄሳር አይጸዳም። የትኛውም ፈሳሽ በቅርፊቱ ቀዳዳ ገብቶ መዳቡን ይበላዋል። ብቻውን እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ይቀመጣል።

ኅዳር መጨረሻ፦ ፎቶ

ስልክ፣ ማጉያ ሌንስ፣ አንድ የጠረጴዛ መብራት በ18 ፓውንድ። መብራቱ ከላይ በግራ፣ ዝቅ ብሎ። ከፊት ለፊት ሲበራ ሥዕሉ ይሞታል። በጣም ዝቅ ሲል ደግሞ ምርኮኞቹ ጥላ ውስጥ ይገባሉ። ሳንቲሙን በጠባብ ቡሽ ላይ ከፍ አድርጎ ከሥሩ ግራጫ ወረቀት ማንጠፍ ጥላውን ያጠፋል። ሌላ የሚባል ነገር የለውም።

ታኅሣሥ፦ መሳቢያና መግለጫ

መጀመሪያ የታሰበው ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ሳንቃ) ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ክቡን ቀዳዳ መሰርሰርም ይቀላል። ነገር ግን ኤምዲኤፍም ኦክም የሚያወጡት የአሲድ ትነት ብረት ያበላሻል። ማሆጋኒ ተመረጠ፣ ቁራጭ ከእንጨት መሸጫ በ31 ፓውንድ። ሳንቲሞቹ የመጡባቸው ለስላሳ የፒቪሲ ከረጢቶች ተጣሉ፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝልግልግ ያወጣሉ።

መግለጫው ከእንጨቱ በላይ ጊዜ ወሰደ። ሳንቲሙ የሚለውን ብቻ መጻፍ ለሮማ ማስታወቂያ መሥራት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሥር ሁለት መስመር አደረግኩ፦ ላይኛው ሳንቲሙ ያወጀው፣ ታችኛው ከዚያ በኋላ የሆነው። የቬሩስ ታችኛ መስመር «ከምሥራቅ የተመለሰው ጦር ከ165 ጀምሮ ወረርሽኝ ይዞ ገባ» ይላል። የትራጃን «ንጉሥ ዴኬባሉስ ላለመማረክ ራሱን ገደለ፤ ጭንቅላቱ ወደ ሮማ ተላከ፤ የዳኪያ ወርቅም ተከተለ»። የብሪታንያው «ሴቬሩስ በ211 ዮርክ ውስጥ ሞተ፤ ልጁ ካራካላ ከሰሜን ብሪታንያ ካሌዶናውያን ጋር ታርቆ ጦሩን መለሰ»። ድሉ ሳንቲሙ ሳይደበዝዝ አለቀ ማለት ነው።

ለቄሳር ታችኛ መስመር አላስፈለገውም። «መዳብ» ብዬ ጻፍኩና ተውኩት።

ሂሳብ

ሳንቲሞች 610፣ ተመላሽ 40፣ ቀሪ 570። ፖስታ 24። ሚዛን 28፣ ታዮሰልፌት 7፣ አሴቶንና ዲስቲልድ ውሃ 9፣ መብራት 18፣ እንጨት 31። ጠቅላላ 687፤ ከበጀቱ 13 ፓውንድ ተርፏል።

መሳቢያው ላይ ከቄሳር በፊት አንድ ባዶ ቀዳዳ አለ። የታሰበው ለቪክቶሪያቱስ ነው፤ በሁለተኛው የፑኒክ (የሮማና የካርታጎ) ጦርነት ወቅት፣ ከ211 ቅ.ል.ክ. ገደማ ጀምሮ የታተመ፣ ፊቱ ዩፒተር፣ ጀርባው ቪክቶሪያ የድል ግንዱን አክሊል ስታለብስ። ያረጀው ከ50 ፓውንድ በታች ይገኛል። ያ ሳንቲም ገና በሪፐብሊኩ ዘመን ከዲናሪየሱ ያነሰ ብር የተደረገበት ነው፤ የአቆልቋዩን መስመር ስለሚያበላሽብኝ ከመግዛቴ በፊት ሚዛኑን በአዲስ ባትሪ እፈትሻለሁ።